ደስታ በሽታ፣ ከርከሮና የክትባት ታሪክ

ከርከሮ ሲነሳ መቼም ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን የሰብል ጥበቃ ነው። በከብት በሽታ ታሪክ ውስጥ ግን ይህ አውሬ ሌላም ቦታ አለው።

አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የቆየው ነው። መነሻው ጣልያኖች በምጽዋ ወደብ ያስገቧቸው የታመሙ ከብቶች እንደነበሩ ይነገራል። በሽታው ደስታ ነበር። በዘመኑ ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ማረሻው ተሰቀለ፤ ድርቁና አንበጣው ሲጨመር ደግሞ ሰውም አለቀ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እስከ መቆፈር የደረሱት ያኔ ነው።

ደስታ ከብት ብቻ አልፈጀም። በምሥራቅ አፍሪካ ጎሹም፣ ቀጭኔውም፣ ከርከሮውም አብሮ ሞተ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው «በሽታውን አኑሮ የሚመልስብን አውሬው ነው» ብሎ አመነ። እውነቱ የታየው ክትባት ሲመጣ ነው። ዋልተር ፕሎራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ ላይ ከባልደረቦቹ ጋር አስተማማኝ ክትባት ሠራ፤ አንድ ጊዜ የተከተበ ከብት ዕድሜውን ሙሉ ይጠበቃል። በታንዛኒያ ሰረንጌቲ ዙሪያ ከብቱ ሲከተብ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሽታው ከዱር እንስሳቱም ጠፋ። አውሬውን የከተበ ማንም አልነበረም። ለካ አውሬው ነበር ከከብት የሚይዘው!

እንግዲህ «አውሬው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው» ማለት ነው? አይደለም። የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ተቃራኒውን ያሳያል። ሞንትጎመሪ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1921 ከኬንያ በጻፈው ጥናት፣ ከውጭ የመጡ የቤት አሳማዎችን የሚፈጀው ይህ በሽታ ከከርከሮ ጋር ግንኙነት እንዳለው አመለከተ። ከርከሮው ቫይረሱን ይሸከማል እንጂ አይታመምም። ያው ፕሎራይት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ቫይረሱን ከርከሮ በሚያድርበት ጉድጓድ ከሚኖር መዥገር ውስጥ አገኘው። በአገራችን በሽታው በ2003 ዓ.ም ሪፖርት ተደረገ፤ ናሙናው ሲመረመር ቀድሞ ከታወቁት የተለየ ሆኖ 23ኛ ዓይነት ተብሎ ተመዘገበ።

ስለዚህ የበሽታውን አቅጣጫ የሚነግረን ምርመራ ነው፤ በግምት አይሆንም። ደስታ መጥፋቱን ለማረጋገጥ እንኳ ከርከሮ ጠቅሟል። የተከተበ ከብት ደሙ ውስጥ የክትባቱ ምልክት ስለሚኖር፣ በሽታው ይኑር አይኑር ከእሱ መለየት ያስቸግራል። ከርከሮና ጎሽ ግን አይከተቡም፤ ደማቸው ላይ ምልክት ከተገኘ በሽታው በአካባቢው አልፏል ማለት ነው። በአገራችን ደስታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም፣ የአሳማው ትኩሳት እኛ ዘንድ በተሰማበት ዓመት ነው።

አሁን የቀረን የደስታ ዘመድ ነው፤ በግና ፍየል የሚፈጀው ደስታ መሰል በሽታ። ዓለም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ሊያጠፋው አቅዷል። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል። እናንተ የቁይና የአካባቢው አርሶ አደሮች፦

የክትባት ዘመቻ ሲጠራ በጉንም ፍየሉንም ሳታስቀሩ አውጡ። ከገበያ የገዛችሁትን ወዲያው ከመንጋው አትቀላቅሉ፤ ለሁለት ሦስት ሳምንት ለይታችሁ አቆዩት። ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል፣ ሳልና ተቅማጥ ካያችሁ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ በዚያው ቀን ንገሩ። «ሳይሞት ልሽጠው» ብሎ የታመመን በግ ገበያ ማውጣት በሽታውን ለጎረቤት ማደል ነው። ክፉ ቀንም የገባው በታመመ ከብት ነው።