የጋራ ፎልደር ፈቃድ አስተዳደር

የጋራ ፎልደር ፈቃድ በክላውድ የፋይል ማከማቻ ውስጥ ያለን ፎልደር ማን ከፍቶ እንደሚያይ፣ ማን እንደሚያርም፣ ማን እንደሚሰርዝ፣ ማንስ ለሌላ ሰው ሼር እንደሚያደርግ የሚወስን የመብት ድልድል ነው። በኢትዮጵያ በብዛት የሚታወቁት ማከማቻዎች ጉግል ድራይቭ፣ የማይክሮሶፍት ዋንድራይቭና ድሮፕቦክስ ናቸው፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ የተባለ አገልግሎት ያቀርባል። ፈቃዱን መስጠት ኢሜይል አስገብቶ አንድ ቁልፍ ከመጫን አያልፍም። ጣጣው የሚመጣው ኋላ ነው፤ የተሰጠውን ማን ይነሳል? ፋይሉስ በማን ስም ነው ያለው?

ደሴና ኮምቦልቻ ይህ ጥያቄ በየቀኑ የሚነሳባቸው ከተሞች ናቸው። በሐረጎ ቁልቁለት የሚገናኙት ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ሥራቸው ሁለቱንም የሚያካልል ተቋማት አሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ደሴ ሲሆን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ሰነዳቸው ከአዲስ አበባና ከጅቡቲ ጋር ሲመላለስ የሚውል ነው።

መነሻ

ሐሳቡ ከክላውድ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራው መልቲክስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ለየፋይሉ የተፈቀደላቸውን ሰዎች ዝርዝር ይይዝ ነበር። ተከትሎት የመጣው ዩኒክስ ነገሩን አቅልሎ ተጠቃሚውን ባለቤት፣ ቡድንና ሌላው ሁሉ ብሎ ከፈለው። በ1975 እ.ኤ.አ. ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር ባሳተሙት ጥናት ማንም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ፈቃድ ሊይዝ አይገባም የሚለውን መርህ አስፍረዋል፤ እስከ ዛሬም የዘርፉ መመሪያ እሱ ነው። ድሮፕቦክስ በ2008፣ ጉግል ድራይቭ በ2012 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲከፈቱ፣ ቀድሞ የኔትወርክ ባለሙያው ብቻ ያዝዝበት የነበረው መብት ተራ ተጠቃሚ እጅ ገባ። ዛሬ አንዲት አዲስ ተቀጣሪ የመሥሪያ ቤቱን ፎልደር ታክሲ ውስጥ ሆና ከስልኳ ልታካፍል ትችላለች።

የፈቃድ ደረጃዎች

በጉግል ድራይቭ የግል አካውንት አራት ደረጃዎች አሉ፤ ተመልካች፣ አስተያየት ሰጪ፣ አርታዒና ባለቤት። ተመልካች መለወጥ አይችልም፤ ባለቤቱ ካልከለከለ ግን ማውረድና ማተም ይችላል፤ ቢከለከልም የስክሪኑን ፎቶ ከማንሳት የሚያግደው የለም። አርታዒው፣ ሠራተኛው በተለምዶ ኤዲተር የሚለው፣ ፋይሉን ከማረም አልፎ ሌላ ሰው መጨመርና የሌላውን ፈቃድ መቀየር ይችላል፤ ይህን መዝጋት የሚቻለው በባለቤቱ ሴቲንግ ነው። ብዙ ቢሮ ሳያውቀው አራትና አምስት በር ጠባቂ ያቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ኮንቴይነር ከጅቡቲ ወደ ኮምቦልቻ ሲመጣ ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ ቢል ኦፍ ሌዲንጉና የትውልድ አገር ምስክር ወረቀቱ አንድ ፎልደር ውስጥ ይሰበሰቡ እንበል። አስመጪው፣ ትራንዚተሩ፣ የባንክ ጉዳይ የሚከታተለው ሠራተኛና የሒሳብ ባለሙያው ይጋሩታል። ትራንዚተሩ የሚያስፈልገው ማየትና ማውረድ ብቻ ነው፤ ሒሳብ ባለሙያውም እንደዚያው። ዕቃው ወደብ ላይ ቆሞ ኪራይ ሲቆጥር ግን ደረጃ የሚመርጥ አይኖርም፤ ሁሉም ኤዲተር ተደርገው ይገባሉ። ከዚያ አንዱ ድራይቩን ሲያጸዳ ኢንቮይሱን ከፎልደሩ ያወጣዋል። ፋይሉ አልጠፋም፤ ወደ ባለቤቱ ድራይቭ ተመልሷል። ጉምሩክ ደጃፍ ለቆመው ትራንዚተር ግን ከጠፋ አይለይም።

ፈቃድ ከላይኛው ፎልደር ወደ ታችኛው ይወርዳል። አንድ መምህር በመስከረም ‹ኮርስ› የሚል ፎልደር ለተማሪዎቹ ሼር ያደርጋል፤ በጥር እዚያው ውስጥ ‹ፋይናል› የሚል ንዑስ ፎልደር ከፍቶ ፈተናውን ከነመልሱ ያስቀምጣል። በመስከረም የተሰጠው ፈቃድ በጥር ለተከፈተውም ፎልደር ይሠራል፤ ማሽኑ ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ የለበትም። መፍትሔው ላይኛውን ፎልደር ለጥቂት ሰው ብቻ መተውና ለሚፈለገው ሰው ታችኛውን ለብቻው መክፈት ነው።

ባለቤትነት

ከደረጃዎቹ ሁሉ ትኩረት የተነፈገው ባለቤትነት ነው፤ ጉዳት የሚያመጣውም እሱ ነው። በጉግል ድራይቭ የግል አካውንቶች መካከል ፋይል የሚቆጠረው በጫነው ሰው ስም ነው፤ የጫነበት ፎልደር የሌላ ሰው ቢሆንም። በዋንድራይቭ ግን የሌላ ሰው ፎልደር ውስጥ የገባ ፋይል ለፎልደሩ ባለቤት ይሆናል፤ የሚይዘውም የእሱን ቦታ ነው። ስለዚህ አምስት ተመራማሪዎች በግል ጂሜይላቸው የሞሉት የጥናት ፎልደር ለዓይን አንድ ቢመስልም አምስት ባለቤት ያላቸው ፋይሎች ድምር ነው፤ ከአምስቱ አንዱ የራሱን ቢሰርዝ ሌሎቹ የሚከለክሉበት መብት የላቸውም።

በወረቀቱ ዘመን ፋይል ከመዝገብ ቤት የሚወጣው ተፈርሞበት ነበር፤ ሠራተኛው ሲለቅም ርክክብ ነበረ። ዛሬም የመልቀቂያ ክሊራንስ ላይ ላፕቶፕ፣ የቢሮ ቁልፍና የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ይጠየቃል። በግል ጂሜይል ስም የተከፈተውን የመሥሪያ ቤት ፎልደር የሚጠይቅ መስመር ክሊራንሱ ላይ ከሌለ፣ ሰውየው ሦስት ማኅተም አስመትቶ፣ ከነሙሉ ፈቃዱ ይሄዳል። ወደ ውጭ አገር ወጥቶ አሮጌውን አድራሻ ከተወው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጉግል ሁለት ዓመት ያልተጠቀሙበትን የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰርዝ እንደሚችል አሳውቆ፣ ደንቡን ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል።

ባለቤትነትን ማዛወር ይቻላል፤ በግል አካውንቶች መካከል ተቀባዩ ጥያቄውን መቀበል አለበት። ከመሥሪያ ቤት አካውንት ወደ ግል አካውንት ግን አይዛወርም። ጉግል በ2017 እ.ኤ.አ. ለተቋማት ያቀረበው ሼርድ ድራይቭ ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል፤ እዚያ ያለ ፋይል የድርጅቱ እንጂ የጫነው ሰው አይደለም፤ ሰው ሲለቅ ፋይሉ ይቀራል። አገልግሎቱ የተቋም አካውንት ይፈልጋል። ይህ የሌላቸው ትንንሽ ቢሮዎች አንድ ጂሜይል ከፍተው ፓስዎርዱን ለሁሉም ያድላሉ። ይህ ባለቤትነቱን ለቢሮው ያስገኛል፤ በአንጻሩ ማን ምን እንደሰረዘ የሚታወቅበትን ታሪክ ያጠፋል፤ ለመግባት የሚላከው ማረጋገጫ ኮድም አንድ ሠራተኛ ኪስ ባለ ስልክ ላይ ይወድቃል። ከዚህ ይልቅ ባለቤቱ የቢሮው አካውንት ሆኖ ቁልፉን ኃላፊውና ምክትሉ ብቻ ይዘው፣ ሌላው በየራሱ ኢሜይል እንዲገባ ማድረግ ይሻላል።

ሊንክ

‹ሊንኩ ያለው ሁሉ› የሚለው ምርጫ ስም አይጠይቅም። ሊንኩ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከተለጠፈ ወዴት እንደሄደ መከታተል አይቻልም፤ የሚቻለው ምርጫውን ወደ ‹የተፈቀደላቸው ብቻ› መመለስ ነው። ክፍት ሊንክ ለማስታወቂያና ለመማሪያ ጽሑፍ ይጠቅማል። የሠራተኛ ደመወዝ ወይም የታካሚ ካርድ በዚህ መንገድ መላክ ግን ስንፍና ነው።

ሕግ

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል ያደርጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የያዘው ተቋም ራሱ እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥላል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሁለተኛው አዋጅ ከወጣ ወዲህ ለሁሉም የተከፈተ የታካሚዎች ፎልደር የአይቲ ክፍሉ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

ጦርነትና የኔትወርክ መቋረጥ

ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች ተይዘው፣ ኅዳር 27 ቀን 2014 መንግሥት መልሶ መቆጣጠሩን አስታወቀ። በዚያ ጊዜ የደሴ ሆስፒታልና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፈዋል። ኮምፒውተር በተወሰደበት ቢሮ የሚተርፈው ሌላ ቦታ ቅጂ የነበረው ሰነድ ነው፤ ክላውድን ለእንዲህ ያለ ከተማ ተመራጭ የሚያደርገውም ይህ ነው። ይሁንና ብቸኛው ባለቤት ተፈናቅሎ፣ ኮድ የሚቀበልበት ሲምም ከጠፋ፣ ፋይሉ ሰርቨር ላይ በሰላም ተቀምጦ የሚከፍተው ይታጣል። አንድ ፎልደር ቢያንስ ሁለት የተለያየ ከተማ የሚኖሩ ኃላፊዎች ሊኖሩት ይገባል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሲሙ ሲጠፋ የሚያገለግሉት የመጠባበቂያ ኮዶችም በወረቀት ታትመው ቢቀመጡ ይመረጣል።

በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ አንስቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ፈቃድ መንሳት ግማሽ ሥራ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለው ኃላፊ የአንድን ሰው ስም ከፎልደሩ ሲያወጣ ሰርቨሩ ወዲያው ይታዘዛል፤ ደሴ ያለው ላፕቶፕ ላይ ቀድሞ የተቀመጠው ቅጂ ግን ኔትወርክ እስኪመለስ ይከፈታል። በድሮፕቦክስ አባልን የሚያስወጣ ሰው ቅጂው ይቅርለት አይቅርለት ብሎ መምረጥ ይችላል፤ አይቅር ቢባልም የሚሰረዘው ማሽኑ በቀጣይ ኦንላይን ሲሆን ነው። በፍላሽ የተገለበጠውን ደግሞ የትኛውም ሴቲንግ አይደርስበትም።