ባሕር ዛፍና ባለቤቱ፦ አዲስ አበባ ደን የለበሰችበት ታሪክ

የአዲስ አበባ አመሠራረት ሲነገር የሚቀድመው ፍልውሃው ነው፤ ከዚያም የእቴጌ ጣይቱ ቤትና ስም አወጣጡ ይከተላል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም በዜና መዋዕላቸው ያቆዩልን ይህንኑ ነው። ከተማዋ በተቆረቆረች በሃያ ዓመት ውስጥ ልትፈታ ተቃርባ የነበረው ግን በጦርም በወረርሽኝም አይደለም። ያስቸገራት የማገዶ ነገር ነው።

ዐፄ ምኒልክ ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼ ወደ እንጦጦ እየተዛወሩ ነው ፍልውሃ የደረሱት። የሸዋ ነገሥታት ከተማ ከጦር ሰፈር ብዙም የተለየ አልነበረም። ጦሩ ከሰፈረ ቤት ይሠራል፤ ቋሚና ማገር ይቆረጣል፤ እንጀራ ይጋገራል፤ ጠጅና ጠላ ይጠመቃል። ይህ ሁሉ በዙሪያው ያለውን ጥድና ወይራ ይፈጃል። እንጨቱ ሲርቅ ከተማው ይነሣል። ለመነሣቱ ሌላ ምክንያትም ነበረው፤ የጦር ስልት፣ ብርድ፣ ውሃ። እንጨት ግን ከምክንያቶቹ አልጠፋም። በ1870ዎቹ የከተማ መቀመጫ የሆነው እንጦጦ ብዙም ሳይቆይ ተራቆተ። ከአድዋ ድል በኋላ ደግሞ የፍልውሃው ከተማ ሕዝብ በፍጥነት በዛ፤ እንጨት ከመናገሻ በኩል በሰው ጀርባና በአጋሰስ ይመጣ ጀመር። የመናገሻ ደን ራሱ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ችግኝ ተተከለ የሚል ትውፊት አለው። ትውፊቱ ልክ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ስታነድ የኖረችው ቀደም ባለ ዘመን የተተከለ ዛፍ ነው ማለት ነው።

ምኒልክ ችግሩን በለመዱት መንገድ ሊፈቱት አሰቡ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደን ባለበት አገር፣ አዲስ ዓለም ተቆረቆረች። ስሟ ብቻውን ዋና ከተማ እንድትሆን መታሰቧን ይናገራል። ቤተ መንግሥት ተጀመረ፤ መንገድም ተቀየሰ። ሆኖም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሐሳባቸውን ለወጡ። የተጀመረው ቤተ መንግሥት ዛሬም ድረስ ቆማ ያለችው የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ባሕር ዛፍ ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከአውስትራሊያ ደቡብ ምሥራቅና ከታዝማኒያ የመነጨው ነጭ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ የደረሰው በ1887 ዓ.ም. ገደማ መሆኑን ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። አምጪው ማን ነው ሲባል አብዛኛው ጊዜ የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ካዚሚር ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ሰውዬው የምኒልክ አማካሪ፣ ለፓሪሱ «ለ ታን» ጋዜጣ ጸሐፊ፣ የአገራችንንም ቋንቋና ዜማ ያጠና ነበር። የሌሎች አውሮፓውያን ስምም አልፎ አልፎ ይነሣል። እኔ በዚህ ክርክር ብዙ መድከም አልፈልግም፤ ዘር ማምጣትና ከተማን ደን ማልበስ ለየቅል ናቸው።

«ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አዳናት» የሚለው የተለመደ አባባል ውብ ነው፤ ግን የዘመኑን ቅደም ተከተል ስናይ ይላላል። ምኒልክ ከአዲስ ዓለም ሐሳባቸውን ያነሡት በ1890ዎቹ አጋማሽ ነው። በዚያን ጊዜ ባሕር ዛፉ ገና በጥቂት ግቢዎች የታየ እንግዳ ተክል እንጂ ለከተማ ማገዶ የሚበቃ ደን አልነበረም። በሌላ በኩል የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮን ሠርተዋል፤ መኳንንቱ ግቢ አጥረዋል፤ ነጋዴው ሱቅ ከፍቷል፤ አብያተ ክርስቲያናት ቆመዋል። ይህን ሁሉ ጥሎ መሄድ ለድንኳን ከተማ እንደነበረው ቀላል አልነበረም። ስለዚህ እንደ እኔ ንባብ ከተማዋ መርጋቷ ነው ዛፉን ያበዛው። ሰው ነገ የማይኖርበት ቦታ ላይ ዛፍ አይተክልም። ዛፉ ከበዛ በኋላ ደግሞ ከተማዋ በቦታዋ እንድትቆይ ያደረገውን ውሳኔ አጸናው፤ ምስጋናውም ለእርሱ ቀረ።

እንዴት በዛ? ቤተ መንግሥቱ ችግኝ በርካሽ እንዲታደል አደረገ፤ ባሕር ዛፍ የለበሰ መሬትም ከግብር ነፃ ሆነ። ቀጥሎም በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የአዲስ አበባ የመሬት ደንብ ሰው በከተማው ይዞታ ላይ የመሸጥና የመለወጥ መብት እንዲኖረው አደረገ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ስለ ዛፍ ሲወራ እምብዛም አይጠቀስም፤ ለእኔ ግን ከችግኙ እደላ ይበልጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ሁሉን እያስተከሉ በየግቢው ዘበኛ ሊያቆሙ አይችሉም ነበር። ያደረጉት ነገር ተካዩ ለራሱ ሲል እንዲተክል ማድረግ ነው።

ዛፉም ለዚህ የተመቸ ነበር። ከብት ቅጠሉን አይበላውም፤ አጥር ሳያስፈልገው ያድጋል። በአምስትና በስድስት ዓመት አጣና ይወጣዋል፤ ሲቆርጡት ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ግንዱ ለቋሚ፣ ቅርንጫፉ ለማገርና ለፍልጥ፣ ቅጠሉና ጭራሮው ለምጣድ ይሆናል፤ ጉንፋን የያዘው ሰውም ቅጠሉን አፍልቶ ይታጠንበታል። የሚጣል ነገር የለውም። ባለ ሰፊ ይዞታው መኳንንት ለሽያጭ ተከለው፤ ባለ ትንሽ ግቢው በአጥሩ ዙሪያ ደረደረው። ብዙም ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ መንገደኞች ከተማ ሳይሆን ጫካ ውስጥ የገቡ እየመሰላቸው መጻፍ ጀመሩ።

ከዚያ ደግሞ መንግሥት ፈራ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ባሕር ዛፍ ምንጭና ጉድጓድ ያደርቃል ተብሎ ከዛፉ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀልና በምትኩ እንጆሪ ዛፍ፣ የሐር ትል የሚመገበው ዓይነት፣ እንዲተከል ታዘዘ። ትእዛዙ በወረቀት ቀረ። ይህን አነስተኛ ክስተት ደጋግሜ የማስበው ለዚህ ነው፤ ከዐሥር ዓመት በፊት «ትከሉ» ሲባል የተከለ ሕዝብ «ንቀሉ» ሲባል እምቢ አለ። ታዛዥነቱ ጠፍቶ አይደለም። የመጀመሪያው ትእዛዝ ከጥቅሙ ጋር ሄዷል፤ ሁለተኛው ተቃርኖታል። የውሃው ስጋት ራሱ ግን ከንቱ አልነበረም፤ ባሕር ዛፍ ውሃ የሚጠጣና ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ የማያበቅል መሆኑን የኋላ ዘመን ባለሙያዎችም ይናገራሉ።

እንዲህ ሆኖ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። በ1960 ዓ.ም. ሮናልድ ሆርቫት የተባለ የጂኦግራፊ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ አዲስ አበባ ባሕር ዛፍ ደን ሲጽፍ፣ ከተማዋን የከበበው ደን ለገበያ የሚታረስ እርሻ ያህል ሆኖ ነበር። ባለ ደን፣ ቆራጭ፣ አጓጓዥ፣ ቸርቻሪ፣ ሁሉም የየድርሻውን ያገኝ ነበር። አጣና ተራ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ንግድ ነው። ይህ ትብብር ፍትሐዊ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ደኑ የጥቂት ባለርስቶች ነው፣ ሸክሙ የድሃው። ዛፉ ግን ባለቤት ነበረው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆኑ። የባለርስቱ ደን የሕዝብ ተባለ። በተግባር ግን ጠባቂው መንግሥት ብቻ ሆነ፤ ጥበቃውም የደመወዝተኛ ጥበቃ ነው። በኋላ በውጭ ብድርና እርዳታ በከተማዋ ዙሪያ ሰፊ የማገዶ ደን ተተከለ። በዚያ ደን ዳር የሚኖረው ሰው ግን ከደኑ ሕጋዊ ድርሻ አልነበረውም፤ ድርሻውን በጀርባው ተሸክሞ ወሰደ።

እንዲህ ካደረጉት መካከል የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ይገኛሉ። ፍቅርተ ኃይሌ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመችው ጥናት ኑሯቸውን በዝርዝር አሳይታለች። ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም አዝለው ዳገቱን ይወጣሉ፣ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፤ ጥበቃ ያባርራቸዋል፤ ሸክማቸውን ይቀማቸዋል። ከተማዋ ግን እነሱ በሚያመጡት ቅጠል እንጀራዋን ትጋግራለች። በወረቀት ላይ ደን አጥፊዎች ናቸው፤ በኩሽና በኩል ሲታዩ የከተማዋ ማገዶ አቅራቢዎች። ኋላ ላይ ከመካከላቸው ማኅበር አቋቁመው ወደ ሽመና የገቡ አሉ። ከኤሌክትሪክ ምጣድ መስፋፋት ጋር የእንጨቱ ፍላጎት ቢቀንስም ሸክሙ ፈጽሞ አልቀረም።

ከዚያ ወዲህ የተሞከሩት ነገሮች መልካቸው ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ 1,300 ሄክታር ያህል መሬት ተረክቦ ባሕር ዛፉን በጥድ፣ በወይራና በኮሶ የመተካት ሥራ ጀመረ። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተስማምተው በ705 ሄክታር ላይ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን አቋቋሙ፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከመሥራቾቹና ከመጀመሪያዎቹ መሪዎች አንዱ ናቸው። አስተዳደሩ መሬቱን፣ ዩኒቨርሲቲው ዕውቀቱን አዋጣ። ይህን ዓይነቱን ጥምረት አደንቃለሁ፤ ዝምተኛ ነው፣ ውጤቱም በዓመት አይለካም። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ በአምስት ዓመት አይደርስም።

በ2011 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ሁላችን ያየነው ነው። የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ 56 ኪሎ ሜትር ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ይፈጃል የተባለ ዕቅድ ወጣ። ግንቦት 11 ቀን «ገበታ ለሸገር» በሚል በአንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት እራት ተሰናዳ። ሐምሌ 22 ቀን በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ባለሀብቱ ገንዘብ፣ ወጣቱ ጉልበት፣ መንግሥት መሬት ሰጠ። በምኒልክ ዘመን ያልነበረ የትብብር ስፋት ነው። በምኒልክ ዘመን የነበረውና እዚህ የሳሳው ደግሞ የባለቤትነት ጥያቄ ነው፤ በሐምሌ የተተከለውን ችግኝ በየካቲት የሚያጠጣው ማን ነው? ሲያድግስ ፍሬውም ይሁን ጥላው የማን ነው? በዐዋጅ የተተከለ ዛፍ እነዚህን ጥያቄዎች ካልመለሰ ዕጣው ከ1905ቱ ትእዛዝ እንደማይሻል መዝገቡ ያሳያል።

የዚህ ታሪክ ሰነድ እስካሁን የሚያናግረን በቤተ መንግሥትና በመንገደኛ አንደበት ነው። ዛፉን የተከሉት፣ የቆረጡትና የተሸከሙት ሰዎች ወረቀት ደግሞ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አለ፤ የደን ሽያጭ ውል፣ የግብር ደረሰኝ፣ የይዞታ ደብተር፣ በባሕር ዛፍ አጥር ሥር የተነሣ ፎቶግራፍ። ከአያቶቻችሁ የቀረ እንዲህ ያለ ወረቀት በእጃችሁ ካለ አትጣሉት፤ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብት) ወስዳችሁ አስመዝግቡት፣ ቢያንስ ቅጂውን ስጡ።