ፖሊፎኒ፦ ብዝኀ ዜማ

ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «ፖሊ» ብዙ፣ «ፎኔ» ድምፅ ማለት ነው። «ብዙ ድምፅ» ብሎ መተርጎም ቀላል ቢመስልም ያሳስታል። በማኅሌት ላይ ሃምሳ ካህናት አንዱን ዜማ እኩል ሲያዜሙ ድምፁ ብዙ ነው፤ ዜማው ግን ያው አንድ ነው። ፖሊፎኒ የሚባለው እያንዳንዱ ዘማሪ የየራሱን ዜማ ይዞ፣ በየራሱ ጊዜ እየገባና እየወጣ፣ ሁሉም ሳይጣላ አብሮ ሲሰማ ነው። የሚበዛው ሰው ሳይሆን ዜማ ነው።

ልዩነቱን አጉልቶ የሚያሳይ ሥራ የእንግሊዛዊው ቶማስ ታሊስ «ስፔም ኢን አሊየም» ነው። ታሊስ ከሄንሪ ስምንተኛ እስከ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ አራት ነገሥታትን በቤተ መንግሥቱ ጸሎት ቤት አገልግሏል። ይህን የላቲን መዝሙር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1570 ገደማ ነው። ቃሉ ከመጽሐፈ ዮዲት ጋር የተያያዘ፣ ተስፋን በእስራኤል አምላክ ላይ ብቻ የሚጥል ጸሎት ነው። ዘማሪዎቹ 40 ናቸው፤ ዜማዎቹም 40። አምስት አምስት ሆነው በስምንት ጓድ ይከፈላሉ።

አንድ ድምፅ ብቻውን ይጀምራል። ሁለተኛው ተቀብሎት ይከተላል፤ ሦስተኛው ይደርባል። ዜማው ከጓድ ወደ ጓድ እየተሻገረ እስከ ስምንተኛው ሲደርስ የቀደሙት ዝም ይላሉ። አርባዎቹ አብረው ከተሰሙ በኋላ ደግሞ ጉዞው ከስምንተኛው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። መጨረሻው ሲቃረብ ሁሉም በድንገት ጸጥ ይሉና ትሕትናቸውን እንዲያይላቸው አምላካቸውን አርባውም ባንድ ጊዜ ይለምናሉ።

ለዚህ ስልት «ኅብረ ዜማ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ኅብር የሚያጎላው ስምምነቱን ስለሆነ ለሃርመኒ ቢቀመጥ ይሻላል። «ብዝኀ ሕይወት» ያለው አማርኛ «ብዝኀ ዜማ» ለማለት አይቸገርም። ተቃራኒውን ግን «ነጠላ ዜማ» ማለት አይሆንም፤ ቃሉን ለብቻው የሚወጣ ዘፈን ወስዶታል። «አሐዳዊ ዜማ» ይሁን።

ስሙ አዲስ ቢሆንም ነገሩ ለኢትዮጵያ ባዳ አይደለም፤ የጋሞ ደጋ ዶርዜዎች ሲዘፍኑ ዜማቸው እንዲሁ ይደራረባል። እንግዲህ በአረፍተ ነገር ሲገባ፦ «የታሊስ መዝሙር ባለ 40 ድምፅ ብዝኀ ዜማ ነው፤ የዶርዜዎችም ዘፈን ብዝኀ ዜማ ነው።»