የኮርያ ባሕረ ገብ መሬትና ጎረቤቶቹ፤ ጦርነት ዳግም ቢነሣ

በጁላይ 27 ቀን 1953 በፓንሙንጆም የተፈረመው ሰነድ የተኩስ ማቆም ስምምነት እንጂ የሰላም ውል አይደለም። በአንድ ወገን የተባበሩት መንግሥታት ጦር፣ በሌላው ወገን የሰሜን ኮርያ ሠራዊትና የቻይና ሕዝብ በጎ ፈቃደኞች ሲስማሙበት፣ የደቡብ ኮርያ መንግሥት ሳይፈርምበት ቀርቷል። ስምምነቱ ተፋላሚዎቹን አራት ኪሎ ሜትር ስፋትና 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ከጦር ነጻ የሆነ ቀጠና ለያያቸው እንጂ ጦርነቱን በሕግ አልዘጋውም። በዚህም ምክንያት ከሰባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ «ጦርነቱ ዳግም ቢነሣ ጎረቤቶች ምን ያደርጋሉ?» የሚለው ጥያቄ የወታደሮችና የዲፕሎማቶች ብቻ ሳይሆን የታሪክ ተመራማሪም ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትንቢት መናገር አይደለም። ታሪክ ነገ የሚሆነውን አይነግረንም፤ ነገር ግን መንግሥታት በአንድ ስፍራ ላይ ደጋግመው ያሳዩትን ጠባይ ያስታውሰናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እናሳስባለን።

የመልክዓ ምድሩ ዕዳ

ኮርያ በሦስት ታላላቅ ኃይሎች መካከል የተዘረጋች ምድር ናት። በሰሜን 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘልቀው፣ በአብዛኛው የያሉና የቱመን ወንዞች በሚከተሉት ወሰን ከቻይና ትዋሰናለች፤ በቱመን ወንዝ መዳረሻ ላይ በአጭር ድንበር ከሩሲያ ጋር ትገናኛለች፤ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ጠባብ ባሕር ከጃፓን ይለያታል። ከባሕር ለሚመጣ ጦር ወደ ማንቹሪያ የምታሻግር ድልድይ ናት፤ ከአህጉሩ ለሚወርድ ጦር ግን ወደ ጃፓን ደሴቶች የምታቀርብ መድረሻ ናት።

ይህ አቀማመጥ ምን እንዳስከተለ ለማየት ብዙ ወደ ኋላ መሄድ አያስፈልግም። በ1592 የጃፓኑ ገዥ ሂዴዮሺ ቻይናን ለመውጋት አስቦ ጦሩን ፑሳን ላይ ባሳረፈ ጊዜ፣ ሴኡል በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ወደቀች፤ ፒዮንግያንግም ተከተለች። በዚህ ጊዜ የሚንግ ሥርወ መንግሥት ጦሩን ያሉን አሻግሮ ገባ። የቻይናን ቤተ መንግሥት ያንቀሳቀሰው ለኮርያ ንጉሥ የነበረው ወዳጅነት ብቻ አልነበረም፤ ጠላትን በራስ ምድር ከመጠበቅ በጎረቤት ምድር መግጠም ይሻላል የሚለው ሥሌትም ጭምር ነበር። ጦርነቱ ቆም ሲልና ሲያገረሽ ቆይቶ በ1598 ሂዴዮሺ ሲሞት አበቃ፤ አገሪቱ ግን ተቃጥላና ተራቁታ ቀረች።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም ያው ሁኔታ ተደገመ። በ1894 የኮርያ ገበሬዎች ባመፁ ጊዜ ንጉሡ ቻይናን እርዳታ ጠየቀ፤ ቻይና ጦር ስትልክ ጃፓንም ሳትጠራ ላከች፤ ዐመፁ ተረስቶ ሁለቱ ጎረቤቶች እርስ በርሳቸው ተዋጉ። በ1904 ደግሞ ጃፓንና ሩሲያ በኮርያና በማንቹሪያ ምክንያት ተፋለሙ። የሁለቱም ጦርነቶች ድል አድራጊ ጃፓን በ1910 ኮርያን ጠቅልላ ያዘች። እንግዲህ ከእነዚህ ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት፣ በኮርያ ምድር የተነሣ ጠብ የኮርያውያን ብቻ ሆኖ የቀረበት ጊዜ ጥቂት መሆኑን ነው።

የ1950 ማስጠንቀቂያ

በኦገስት 1945 ሁለት የአሜሪካ መኮንኖች፣ ዲን ረስክና ቻርልስ ቦንስቲል፣ በአንድ ሌሊት ካርታ ዘርግተው 38ኛውን የኬክሮስ መስመር መረጡ። መስመሩ የጃፓንን ጦር ትጥቅ ለማስፈታት ለሶቪየትና ለአሜሪካ ወታደሮች ሥራ ማከፋፈያ ተብሎ የታሰበ ነበር፤ በ1948 ግን የሁለት መንግሥታት ወሰን ሆነ። በጁን 25 ቀን 1950 የሰሜኑ ጦር መስመሩን ጥሶ ወደ ደቡብ ሲዘምት ታላቁ ጦርነት ተጀመረ።

ለእኛ ጥያቄ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የዚያው ዓመት የመከር ወራት ታሪክ ነው። በሴፕቴምበር 15 የአሜሪካ ጦር ኢንቾን ላይ ካረፈ በኋላ የሰሜኑ ሠራዊት ተፈታ። ድል አድራጊዎቹ በ38ኛው መስመር ላይ ይቁሙ ወይስ ይለፉ የሚለው ጉዳይ በሚመከርበት ሰዓት፣ በኦክቶበር 2 ሌሊት የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤንላይ የሕንድን አምባሳደር ፓኒካርን አስጠርተው፣ የአሜሪካ ጦር መስመሩን ካለፈ ቻይና ዝም ብላ እንደማትመለከት ነገሯቸው። መልእክቱ ዋሽንግተን ደረሰ። የተቀበሉት ሹማምንት ግን መልእክተኛውን ስላላመኑት ቃሉን እንደ ባዶ ማስፈራሪያ ቆጠሩት። በኦክቶበር 19 ፒዮንግያንግ ስትያዝ፣ በዚያው ቀን በፔንግ ዴህዋይ የሚመራው የቻይና ጦር ያሉን መሻገር ጀመረ። በጃንዋሪ 1951 መጀመሪያ ሴኡል ዳግመኛ እጅ ለወጠች።

በዚያ ጊዜ ቻይና የእርስ በርስ ጦርነቷን ከጨረሰች አንድ ዓመት ብቻ የሆናት፣ የደከመችና ድኻ አገር ነበረች። በዓለም ላይ ካለው ኃያል ሠራዊት ጋር መግጠም ኪሳራ እንደሚያስከትልባትም ታውቅ ነበር። ሆኖም የጠላት ጦር በድንበሯ ላይ ሰፍሮ ከማየት ያንን ኪሳራ መረጠች። ይህ ውሳኔ ዛሬም ቢሆን የቻይናን ጠባይ ለመረዳት ዋነኛ ቁልፍ ነው።

ሶቪየት ኅብረት በበኩሏ የተለየ መንገድ ተከተለች። ለሰሜኑ መሣሪያ ሰጠች፤ አብራሪዎቿንም በሌላ አገር ምልክት በተቀቡ ሚግ 15 አውሮፕላኖች በምስጢር አዋጋች፤ በግልጽ ግን ከአሜሪካ ጋር አልገጠመችም። ጃፓን ደግሞ ገና በጦር አስተዳደር ሥር ሳለች ለዘመቻው የኋላ ደጀን ሆና አገለገለች፤ ከጦር ግዢ ባገኘችው ገንዘብም ኢንዱስትሪዋ አንሰራራ። በዚያው ዓመት 75,000 ሰዎች ያሉት የፖሊስ ተጠባባቂ ኃይል አቋቋመች፤ የዛሬው የራስ መከላከያ ኃይሏ መነሻም ይኸው ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ጎረቤቶች አንዱ በሠራዊቱ፣ ሁለተኛው በስውር እጁ፣ ሦስተኛው በወደቡና በፋብሪካው ተካፋይ ሆነዋል ማለት ነው።

ውልና ጠባይ

ከጦርነቱ በኋላ ውሎች ተከተሉ። አሜሪካና ደቡብ ኮርያ በኦክቶበር 1953 የመከላከያ ውል ተፈራረሙ። ሰሜን ኮርያም በጁላይ 1961 በአንድ ሳምንት ውስጥ በመጀመሪያ ከሶቪየት ኅብረት፣ ቀጥሎም ከቻይና ጋር የመረዳጃ ውል ገባች። ይሁን እንጂ የውል ቃልና የመንግሥት ጠባይ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በኤፕሪል 1975 ሳይጎን ልትወድቅ በተቃረበችበት ጊዜ ኪም ኢል ሱንግ ቤጂንግን ሲጎበኙ፣ የጋራው መግለጫ የተናገረው ስለ ሰላማዊ አንድነት ነበር። በኦገስት 1976 በፓንሙንጆም ሁለት የአሜሪካ መኮንኖች በመጥረቢያ ተገድለው ጦሮች በተጠንቀቅ በቆሙ ጊዜም፣ ኪም የጸጸት ቃል ልከው ነገሩ በረደ። በ2010 የደቡቡ መርከብ ቾናን ሰጥማ 46 መርከበኞች ሲያልቁ፣ በዚያው ዓመትም የየንፕዮንግ ደሴት በመድፍ ስትደበደብ፣ ቻይና ወዳጇን በይፋ ከመውቀስ ተቆጥባ ሁለቱንም ወገኖች ወደ ትዕግሥት ጠራች። ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ጎረቤቶቹ የሰሜኑን መንግሥት መውደቅ ባይፈልጉም ለእርሱ ጀብዱ መማገድን እንዳልፈለጉ ነው።

የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃት ደግሞ ሚዛኑን አናጋው። ሞስኮ በ1990፣ ቤጂንግ በ1992 ከሴኡል ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት መሠረቱ። የ1961ዱ የሞስኮ ውል በ1996 ፈረሰ። የቻይናው ውል ግን ጸንቶ በ2021 ታድሷል። ብቻዋን የቀረች የመሰላት ሰሜን ኮርያ በ2006 የመጀመሪያውን የኑክሊየር ሙከራ አደረገች፤ እስከ 2017 ድረስም ስድስት ጊዜ ሞከረች። በ2003 የተጀመረው የስድስትዮሽ ድርድርም ከ2008 መጨረሻ በኋላ አልተቀጠለም።

ዛሬ ቢሆንስ?

ከዚህ ተነሥተን ብንመዝን፣ ቻይና በመጀመሪያ የምትጠይቀው ጥያቄ «ማን ጀመረው?» የሚል ይመስላል። በኦገስት 2017 ግሎባል ታይምስ የተባለው የቻይና ጋዜጣ፣ ሰሜን ኮርያ ቀድማ አሜሪካን ብትተኩስ ቻይና ገለልተኛ ልትሆን እንደሚገባ፣ አሜሪካና ደቡብ ኮርያ የሰሜኑን መንግሥት ለመገልበጥ ቢነሡ ግን ልትከላከል እንደሚገባ ጽፎ ነበር። ጋዜጣው የመንግሥት ድንጋጌ አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ከ1950ው ሥሌት ጋር ይስማማል። ከዚህም በላይ ጥያቄው ቆይቶ ይለወጣል። ማንም ይጀምረው ማን፣ ሰሜኑ ተሸንፎ የውጭ ጦር ወደ ያሉ ሲጠጋ ቻይና ቢያንስ በወንዙ ማዶ ስፍራ ለመያዝ፣ ስደተኛውን በዚያው ለመግታትና የኑክሊየር መሣሪያዎቹ በሌላ እጅ እንዳይወድቁ ለማድረግ መነሣቷ አይቀርም ብሎ መገመት ይቻላል። አደገኛው ሰዓትም ያ ነው፤ ሁለት ታላላቅ ሠራዊቶች አንዱን ምድር ከሁለት አቅጣጫ ሳይነጋገሩ ይገቡበታልና።

ሩሲያ ለረጅም ጊዜ በጉዳዩ ላይ ሁለተኛ ሰው ሆና ቆይታለች። በጁን 2024 በፒዮንግያንግ የተፈረመው ውል ግን አንደኛው ወገን በጦር ቢወረር ሌላው ሳይዘገይ ወታደራዊ እርዳታ እንዲሰጥ ያዝዛል። በዚያው ዓመት የሰሜን ኮርያ ወታደሮች በኩርስክ ግንባር ከሩሲያ ጎን ተሰልፈዋል፤ ሁለቱም መንግሥታት ይህን በኤፕሪል 2025 አምነዋል። ስለዚህ ሞስኮ የደም ዕዳ አለባት። ሆኖም በዩክሬን ጦርነት ብዙ ኃይል ያፈሰሰች አገር በሩቅ ምሥራቅ ሌላ ግንባር በግልጽ ትከፍታለች ማለት ያስቸግራል፤ ከታሪኳ ጋር የሚስማማው መሣሪያና ምክር መስጠት፣ በጸጥታው ምክር ቤትም ድምፅን በድምፅ መሻር ነው። በ1950 ምክር ቤቱ ሊወስን የቻለው የሶቪየት መልእክተኛ በስብሰባው ስላልተገኘ ነበር፤ ያ አጋጣሚ የሚደገም አይመስልም።

ጃፓን ገለልተኛ ለመሆን ብትፈልግ እንኳ የምትችል አይመስልም። በምድሯ የሚገኙ ሰባት የአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ለተባበሩት መንግሥታት ጦር የኋላ ደጀንነት ተመድበዋል፤ ስለዚህ የሰሜኑ ሚሳይሎች ዒላማ ናት። በ2015 የወጣው ሕጓም ህልውናዋ አደጋ ላይ ሲወድቅ ወዳጅን በጦር ለመርዳት ይፈቅድላታል። ይሁን እንጂ ከ1910 እስከ 1945 የደረሰውን የሚያስታውስ የደቡብ ኮርያ ሕዝብ የጃፓንን ወታደር በምድሩ ላይ ማየት አይሻም። በዚህም ምክንያት የጃፓን ድርሻ በባሕር፣ በአየርና በስንቅ አቅርቦት ተወስኖ እንደሚቆይ ይገመታል።

እኛና ይህ ጉዳይ

ለኢትዮጵያውያን አንባብያን ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1936 የመንግሥታት ማኅበር የከዳት ኢትዮጵያ፣ የጋራ ጸጥታ መርሕ ዳግመኛ እንዳይከሽፍ በማለት በ1951 ከክብር ዘበኛ የተውጣጣውን የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ላከች። እየተፈራረቁ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ወታደሮች መካከል ከ120 በላይ ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ የተማረከ ግን አልነበረም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሻለቃው በሜይ 1951 ፑሳን ሲደርስ የተዘጋጀው የሰሜኑን ወራሪ ለመመከት ነበር፤ በግንባሩ ያገኘው ግን በብዛት የቻይናን ሠራዊት ነው። በኦክቶበር 1950 ያልተደመጠው ማስጠንቀቂያ ዋጋ ከተከፈለባቸው ደሞች አንዱ የእኛ ልጆች ደም ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። የተኩስ ማቆሙ በተፈረመበት ዕለት ጦር ያዋጡ 16 መንግሥታት በዋሽንግተን አንድ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። መግለጫው ወረራው ቢታደስ መንግሥታቱ በአንድነት እንደሚቋቋሙትና ውጊያውም ምናልባት በኮርያ ወሰን ተገትቶ እንደማይቀር ያስታውቅ ነበር። ዘመኑ ተለውጧል፤ አገራችንም ከ1975 ጀምሮ ከሰሜኑ መንግሥት ጋር ግንኙነት መሥርታለች። ሆኖም መግለጫው የተናገረው እውነት አልተለወጠም፤ ጦርነቱ ዳግም ቢነሣ በኮርያ ብቻ አይቆምም።

ስለዚህ የጎረቤቶችን መልስ የሚወስነው የውል ቃል ብቻ አይደለም። ይበልጡን የሚወስነው ጦሩ የት ድረስ ይሄዳል የሚለው ፍርሃትና ያ ፍርሃት በጊዜው ተነግሮ መደመጡ ነው። በ1950 ቃሉ ተነግሯል፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ሴኡል ከወሰኑ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በምትርቅበት፣ ሁለቱም ወገኖች ሚሳይል በደገኑበት በዛሬው ዘመን መልእክት በሦስተኛ ሰው በኩል እስኪደርስ የሚጠብቅ ጊዜ አይኖርም። ጠላቶች እንኳ በቀጥታ የሚነጋገሩበት መስመር ሊኖራቸው የሚገባው በመካከላቸው ፍቅር ስላለ ሳይሆን፣ አለመስማት ምን ያህል እንደሚያስከፍል አንድ ጊዜ ስለታየ ነው። የኮርያን ጦርነት ለተማሪዎቻችን በምናስተምርበት ጊዜ ከጀግንነቱ ታሪክ ጎን ይህም ምዕራፍ ሊነበብ ይገባል።