የመተማ ጐዳናና የብረት ትዝታ

የጦርነት ትዝታ በየቤተ ሰቡ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የተኳሹና የፎካሪው ስም ነው። አያት ለልጅ ልጁ «እገሌ ምሽግ ሰበረ፤ እገሌ መትረየስ ማረከ» ብሎ ያወርሳል እንጂ «እገሌ የተሰበረ መኪና ጠገነ፤ እገሌ ከመንገድ ላይ ፈንጂ ለቀመ» ብሎ የሚያወርስ ጥቂት ነው። እኛም ይህን ጽሑፍ ለአንባብያን ስናቀርብ የጀግናውን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ አይደለም። በጦርነት ጊዜ ብረትን የሚያዝዘው እጅ፥ ጦርነቱም ሲያልፍ አዲስ ነገር የሚሠራው እጅ አንድ መሆኑን በአንድ ጐዳና ታሪክ ለማሳየት ነው። ጐዳናውም ከመተማ ተነሥቶ በኮኪት በኩል አድርጎ ወደ ጐንደር የሚወጣው ነው።

ኮኪት በመተማ ወረዳ ከሱዳን ድንበር ብዙ ሳይርቅ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ምድር ሰሊጥና ጥጥ፥ ማሽላም ያበቅላል። ዋልካው በክረምት ውሃ ጠጥቶ እግርንም መንኰራኵርንም ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። በቀድሞው ዘመን የጐንደርና የሱዳን ነጋዴዎች የሚገናኙበት በር መተማ ነበረ። በር ግን ለወዳጅ ብቻ የሚከፈት አይደለምና፥ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ በዚሁ ስፍራ በጥይት ተመትተው ወደቁ። ከተማይቱም እስከ ዛሬ ድረስ መተማ ዮሐንስ እየተባለች በስማቸው ትጠራለች። በዚያ ቀን የተዋጋው ሰው በእግሩና በፈረሱ፥ በጠመንጃና በጎራዴ ነበር። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ግን በዚያው ሜዳ ላይ ብረት ከብረት ጋር ሊዋጋ መጣ።

ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ድንበሩን ተሻግሮ በሱዳን በኩል ከመተማ ፊት ለፊት የምትገኘውን ገላባትን ያዘ። ወዲያውም ክረምት ገባ። በዚህ ዝናም መካከል፥ በነሐሴ ወር፥ በኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው «ሚስዮን 101» የተባለው ጓድ በዚሁ ድንበር አካባቢ ሰርጎ ወደ ጐጃም አርበኞች ዘንድ አለፈ። ያለፈውም በመኪና ሳይሆን ዕቃውን በጭነት ከብት አስጭኖ ነበር። በዚያ ጭቃ ከሞተር ይልቅ የበቅሎ እግር የታመነ ነበረና ነው።

ዝናሙ ካባራ በኋላ፥ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ማለዳ፥ በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚታዘዘው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ በአውሮፕላንና በመድፍ ታግዞ ገላባትን አጠቃ። ከፊቱ 12 ታንኮች አሰልፎ ነበር። ምሽጉ በዚያው ማለዳ ተያዘ። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ተበላሸ። ከ12ቱ ታንኮች 9ኙ ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ፤ አንዳንዱ ፈንጂ ረግጦ፥ አንዳንዱም ሰንሰለቱ በቆላው ድንጋይ ተበጥሶ ቆመ። የታንክ መለዋወጫ የጫነው መኪናም በኢጣልያ አውሮፕላን ቦምብ ተመትቶ ጠፋ። ሰማዩ በኢጣልያኖች እጅ ነበረና የቦምቡ ብዛት ወታደሩን አሸበረው፤ ስሊምም መተማን ሳይዝ ጦሩን ወደ ኋላ ለመመለስ ተገደደ። ይህ ሰው በኋላ በበርማ ትልቅ ድል አግኝቶ ፊልድ ማርሻል ለመሆን የበቃ ነው። በመተማ ደጃፍ ግን መለዋወጫ የጠፋበት ብረት ከድንጋይ እንደማይሻል ተማረ። የቆላው ድንጋይ ወገን ሳይለይ የመጣበትን ሰንሰለት በጥሷልና።

መተማ የተለቀቀችው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ጥር 23 ቀን 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወደ ጐንደር አቅጣጫ ሲያፈገፍግ መንገዱን በፈንጂ ዘርቶት ሄደ። የሚከታተለው ጦር ሊሮጥ ፈለገ፤ ዳሩ ግን መንገዱ የተጠመደ ነበር። በዚህ ጊዜ ከጦሩ ፊት የወጣው ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ የ22 ዓመት ሕንዳዊ የመሐንዲስ ጦር መኰንን ነው። ባጋት በመጀመሪያዋ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ላይ ተቀምጦ፥ ከንጋት እስከ ምሽት እየሠራ፥ በ4 ቀን ውስጥ 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ 15 የፈንጂ ስፍራዎችን አገኘ፤ አስጠረገም። የተቀመጠባት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ በፈንጂ ተመታች፤ አብረውት የነበሩ ሰዎችም ተጐዱ። ሦስተኛ ጊዜ ደፈጣ ገጠመው። የአንድ ጆሮው ታምቡር ተበሳ። ሌላ ሰው ይተካህ ቢሉትም፥ «እኔ አሁን ሥራውን ለምጄዋለሁና እኔው ልፈጽመው» በማለት እንቢ አለ። ለዚህም ሥራው ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን የእንግሊዝ የመጨረሻ የጀግንነት ኒሻን ተሸለመ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። ያ ሰው በዚያ ኒሻን የተከበረው ጠላት ስለ ገደለ አይደለም፤ መንገድ ስለ ጠረገ ነው። የጠረገውም መንገድ ዛሬ የኮኪት ገበሬ ሰሊጡን ጭኖ የሚያልፍበት አቅጣጫ ነው። በዚያው ወራት በአርማጭሆ በረሃ አርበኞቻችን መውጫና መግቢያውን እየያዙ ጠላትን ያስጨንቁት ነበር። የጐንደሩ የኢጣልያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናዚ እጁን የሰጠውም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የኢጣልያ መንግሥት የመጨረሻው ምሽግ በዚህ ወደቀ።

እንግዲህ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ብረት ማዘዝ የለመደው እጅ ወዴት ሄደ? በሌላው ዓለም የሆነውን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በእንግሊዝ አገር ቻርልስ ኩፐርና ልጁ ጆን የሚባሉ የመኪና ጥገና ባለሙያዎች ነበሩ። ጦርነቱ ባለቀ ማግሥት፥ በ1938 ዓ.ም.፥ ዕቃ በጠፋበትና ገንዘብ ባነሰበት ጊዜ፥ የእሽቅድድም መኪና ለመሥራት ተነሡ። አዲስ ብረት ስላልነበራቸው የሁለት አሮጌ ቶፖሊኖዎችን የፊት ክፍል ቈርጠው ጀርባ ለጀርባ በየዱት። ቶፖሊኖ የኢጣልያው ፊያት ፋብሪካ የሠራት ትንሽ መኪና ስትሆን የስሟ ትርጓሜ «ትንሿ አይጥ» ማለት ነው። ከነጂው በስተ ጀርባም የ500 ሲሲ የሞተር ብስክሌት ሞተር አስቀመጡ። ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠው ሥራው እንዲቀልላቸው ነበር። ሆኖም ከዚህች ከውድቅዳቂ ከተበየደች መኪና የተጀመረው ሐሳብ እያደገ ሄዶ፥ በ1951 እና በ1952 ዓ.ም. ጃክ ብራብሃም የኩፐርን መኪና እየነዳ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ብራብሃም ራሱ በጦርነቱ ዘመን በአውስትራልያ አየር ኃይል የአውሮፕላን መካኒክ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በታላላቅ ውድድሮች ሞተሩን ከፊቱ ያደረገ መኪና እየጠፋ ሄደ። አባትና ልጅ በአንድ ጋራዥ የሠሩት ሥራ የዓለሙን ልማድ ለወጠ ማለት ነው።

አንድ ሰው «ይህ ለሠለጠኑት ነው፤ እኛ ምን አለን?» ይል ይሆናል። መልሱ ቅርብ ነው። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረበት በዚያ የጭንቅ ወራት፥ አዲስ አበባ ላይ ሉድቪግ ቬበር የተባለው ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ አበረረ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ጠላት ማርኮ ወደ ሮማ አገር ወሰዳት፤ በዚያም ለብዙ ዘመን በሙዚየም ተቀምጣ ኖረች። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመልሳለች። ይህች አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊ እጅ ብረትና እንጨት አገጣጥሞ ማብረር እንደ ቻለ ትመሰክራለች።

ሁለተኛው ምስክር አንደበታችን ነው። ወደ ማንኛውም ጋራዥ ገብተን ብናዳምጥ መካኒኩ ማርሽ፥ ፍሪሲዮን፥ ባሌስትራ፥ ካንዴላ ሲል እንሰማዋለን፤ ጎማ የሚለውም ቃል ከዚያው ነው። እነዚህ የኢጣልያ ቃላት ናቸው። ትሬንታ ኳትሮ የተባለውም የጭነት መኪና ስም እንዲሁ ከኢጣልያ የመጣ ነው። ወራሪው ሲባረር መኪናው ቀረ፤ መኪናውንም ነድቶና ጠግኖ ዳገቱን ያወጣው ወገናችን ነው። ጠላት ትቶት የሄደውን ብረት ለአገር አገልግሎት ያዋለ ሰው፥ ምሽግ ከሰበረው ወንድሙ ጐን ሊቆም የሚገባው አርበኛ አይደለምን? የዚህ ሰው ኒሻን ግን በደረቱ ላይ አልተንጠለጠለም፤ በቋንቋችን ውስጥ ተበትኖ ቀርቷል።

ዛሬ በ1933 ዓ.ም. ሰው የነበረ፥ ያየውን የሚናገር ሽማግሌ ለማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። የቀረው በልጆችና በልጅ ልጆች አፍ ያለው ወሬ ብቻ ነው፤ ያም በየዓመቱ ይሳሳል። ስለዚህ በኮኪትም ሆነ በመተማ፥ በጭልጋም ሆነ በጐንደር ያለ ቤተ ሰብ ስለ አባቶቹ ሲጠይቅ ጥያቄውን ሰፋ ቢያደርገው መልካም ነው። ማን ተኰሰ ብቻ ሳይሆን ማን ነዳ፥ ማን ጠገነ፥ ማን መንገድ አሳየ፥ ማን ድልድይ ሠራ ብሎ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ዘመኑንና ስፍራውን ለይቶ ይጻፍ። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ለዚህ ሥራ ቢያሰማሩ፥ በየጓሮው ወድቆ የሚገኘው አሮጌ ብረት ለአንጣሪ ከመሸጡ በፊት ምንነቱ ቢመረመር፥ አገር ከዚህ ትጠቀማለች። አባቱ መካኒክ እንደ ነበረ ሲሰማ የማያፍር፥ ይልቁንም የሚኰራ ልጅ፥ ነገ ከሁለት አሮጌ መኪና አንድ አዲስ ለመሥራት ይደፍራልና።