የአየር ሞላ

አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ጎራ ያለ ሰው የመኪና እግር ሥር ያሉትን ዕቃዎች ከጣልያንኛ በመጣ ስማቸው ይሰማል፤ የተጠቀለለው ብረት «ሞላ»፣ በጭነት መኪና ሥር የተደራረበው ዝርግ ብረት «ባሌስትራ» ነው። ፈረንጆቹ «ኤር ሰስፔንሽን» የሚሉት ሲመጣም «የአየር ሞላ» ቢባል ያስኬዳል። ብረቱ ወጥቶ በቦታው አየር የተነፋ ወፍራም የጎማ ከረጢት ይገባልና።

ልዩነቱ ጭነት ሲመጣ ይታያል። ብረት ሞላ ያለው መኪና ሰውና ሻንጣ ሲሞላበት ኋላው ይወርዳል፣ የፊት መብራቱም ሽቅብ ያያል። የአየር ሞላ ባለው ላይ ግን በእግሩና በሻንሲው መካከል ያለውን ርቀት የሚለካ ሴንሰር አለ። መኪናው ሲወርድ ኮምፕሬሰሩ አየር ይጨምራል፤ ጭነቱ ሲራገፍ ትርፉ ይለቀቃል። ሾፌሩም ኮረኮንች ሲገጥመው ቁልፍ ተጭኖ መኪናውን ከፍ ያደርጋል፣ አስፋልት ላይ ይመልሰዋል።

ነገሩ ቶሎ የሰመረው በአውቶቡስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው የግሬይሃውንድ ሲኒክሩዘር በአየር ሞላ የቆመ ነበር። ትልልቅ መኪኖች ለአየር ፍሬን የሚሆን ኮምፕሬሰር ስላላቸው ተጨማሪ ወጪው ብዙ አይደለም። ዛሬም አንዳንድ የከተማ አውቶቡሶች ፌርማታ ላይ በበሩ በኩል አየር ለቀው ጎንበስ ይላሉ፤ አዛውንቱም ጋሪ የምትገፋ እናትም በቀላሉ ይሳፈራሉ።

በቅንጡ የቤት መኪና ግን ጅምሩ አላማረም። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ካዲላክ ኤልዶራዶ ብሮም አየር እያፈሰሰ ባለቤቶቹን አማረረ፤ ብዙዎቹ ወደ ብረት ሞላ መለሱት። ሬንጅ ሮቨር በ1992 በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን ይዞ መጣ። ቴስላ ደግሞ በ2013 ሁለት ሞዴል ኤስ መኪኖች መንገድ ላይ የወደቀ ብረት ከሥር መቷቸው ከተቃጠሉ በኋላ፣ መኪኖቹ በፈጣን መንገድ ላይ ያን ያህል ዝቅ እንዳይሉ ሶፍትዌሩን ከርቀት ቀየረው። ጋራዥ መሄድ እንኳን አላስፈለገም! በዓመቱ መኪናው ከፍ ያለበትን ቦታ አስታውሶ፣ እዚያው ሲደርስ ራሱ ከፍ እንዲል ተደረገ።

ቁመቱን የሚቀያይር ሁሉ ግን የአየር ሞላ አለው ማለት አይደለም። አንዳንድ ላንድክሩዘር 100 መኪኖች ቁመት መቀየሪያ ቁልፍ ቢኖራቸውም የሚነሡት በዘይት ግፊት ነው፤ የአየር ከረጢት ቢፈለግባቸው አይገኝም።

የአየር ሞላ ሲያረጅ ጎማው ይሰነጠቃል። አመሻሽ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ጠዋት በአንድ ጥግ ተኝቶ ከተገኘ አየር እያፈሰሰ ነው። ፍሳሹ የሚፈለገው ጎሚስታ የተነፈሰ ጎማ እንደሚፈትሸው ሁሉ ሳሙና ውሃ ቀብቶ አረፋ በማየት ነው። ፍሳሹ ከቆየ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ሲነፋ ውሎ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከረጢቱን በጊዜ መቀየር ይረክሳል። ለጥገና በክሪክ ከመነሣቱ በፊት ቁመት አስተካካዩን ማጥፋት፣ ሥሩም ከመገባቱ በፊት መኪናውን በጠንካራ መቆሚያ መደገፍ ግድ ነው፤ አየሩ ድንገት ሊለቀቅ ይችላል።