ልኬቱ በመስተዋቱ ውስጥ፤ የስቱዲዮ ሞኒተር አጭር ታሪክ

በአፕሪል 14 ቀን 1956 የአምፔክስ ኩባንያ መሐንዲሶች፣ በቺካጎ ከተማ በተደረገው የአሜሪካ ብሮድካስተሮች ጉባኤ ላይ፣ ለገበያ የበቃውን የመጀመሪያውን የቪዲዮ ቴፕ መቅጃ አሳዩ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በቻርልስ ጊንስበርግ መሪነት የተሠራው ይህ መሣሪያ በደቂቃ 14,400 ጊዜ በሚሽከረከሩ አራት ሄዶች አማካይነት 2 ኢንች ስፋት ባለው ቴፕ ላይ ምስልን ይጽፍ ነበር። መቅዳቱ ተቻለ፤ የተቀዳውን ቆርጦ መቀጠሉ ግን ሌላ ጣጣ ሆኖ ተገኘ።

ጣጣው የመጣው ቴፑ ሲቆም ምስሉም አብሮ ስለሚጠፋ ነው። የፊልም ሠራተኛ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ እያንዳንዱን ፍሬም በዓይኑ ያያል፤ በማግኔታዊ ቴፕ ላይ ግን የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ኤዲተር ደቃቅ የብረት ብናኝ ያለበት ፈሳሽ በቴፑ ላይ ይቀባል፤ ፈሳሹ ሲደርቅ ብናኙ የማግኔቱን ጽሕፈት ተከትሎ ይሰለፋል፤ ከዚያም በማይክሮስኮፕ እያየ የሁለት ፍሬሞችን መለያ ፈልጎ በምላጭ ይቆርጣል፤ ከሌላው ቁራጭ ጋርም ያጣብቃል። ሥራው መሳካቱ የሚታወቀው ቴፑ እንደገና ሲዞርና ምስሉ በሞኒተሩ ላይ ሲወጣ ብቻ ነበር። ቁርጡ በጥቂቱ ከሳተ ምስሉ በመገጣጠሚያው ላይ ይናጋል፤ የተቆረጠ ደግሞ ተቆረጠ ነው።

በ1963 አምፔክስ ቴፑን ሳይቆርጡ ከአንዱ መቅጃ ወደ ሌላው በመገልበጥ ለመቀጠል የሚያስችለውን ኤዲቴክ የተባለ መቆጣጠሪያ አወጣ። ምላጩም ቀስ በቀስ ተቀመጠ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ኤዲተሩ የሚያየው ምስልና ወደ ማሠራጫው የሚላከው ምስል አንድ ሲግናል ሆኑ። ሞኒተሩ በዚያው መሥመር ላይ የተሰካ መስተዋት ነበርና፣ በእሱ ላይ የታየው ጉድለት በተመልካቹም ቤት የሚታይ ጉድለት ነው።

ይሁን እንጂ መስተዋቱ ራሱ በምን ይለካል? የአሜሪካው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ሥርዓት በ1953 የወሰናቸው የፎስፈር ቀለሞች ጥልቅ ቢሆኑም ደብዛዛ ስለ ነበሩ፣ አምራቾች ብዙም ሳይቆዩ ደመቅ ባሉ ፎስፈሮች ተኳቸው። ሕጉ አንድ፣ መስተዋቱ ሌላ ሆነ። ስቱዲዮዎቹም ሕጉን ትተው መስተዋቱን ተከተሉ። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት ለስቱዲዮ ሞኒተሮች የፎስፈር ቀለም ወሰን ያወጣው በ1975 ሲሆን፣ የአሜሪካው የፊልምና የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበር በሥራ ላይ የዋሉትን ፎስፈሮች በጽሑፍ ያጸደቀው በ1987 ነው። ደንቡ ከልማዱ በኋላ መጣ ማለት ነው።

ከቀለሙ ይልቅ የሚያስደንቀው የብርሃኑ ነገር ነው። በካቶድ ቱቦ ውስጥ የሚወጣው ብርሃን ከሚሰጠው ቮልቴጅ ጋር እኩል እየተመጣጠነ አይጨምርም፤ በ2.4 ገደማ ርቢ ነው የሚያድገው። ግማሽ ቮልቴጅ ሲሰጥ የሚገኘው ብርሃን ከሙሉው 19 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ካሜራውም ይህን ለማካካስ ሲግናሉን በተቃራኒው ያጥፈዋል። ይህ ጠባይ የሚመነጨው ከቱቦው የኤሌክትሮን ጠመንጃ ስለ ሆነ የአንዱ አገር ቱቦ ከሌላው አገር ቱቦ ብዙ አይለይም ነበር፤ ስለዚህም ለማሳያው በኩል የተሟላ ደንብ መጻፍ አስፈላጊ ሆኖ አልታየም። ሜትር እስከ 1960 ድረስ በፓሪስ አጠገብ በተቀመጠ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ዘንግ ይለካ እንደ ነበረ ሁሉ፣ የቴሌቪዥን ብርሃንም የሚለካው በቱቦው ጠባይ ነበር። በ1990 የወጣው የከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥን ደንብ፣ የዛሬው ቢ.ቲ. 709፣ እንኳ የካሜራውን እንጂ የማሳያውን ቀመር አልወሰነም።

ኮምፒዩተር ወደ ኤዲቲንግ ክፍል ሲገባ ያ ያልተጻፈ ውል ፈረሰ። ሲ.ቢ.ኤስ. እና ሜሞሬክስ በጋራ ያቋቋሙት ሲ.ኤም.ኤክስ. በ1971 ያወጣው 600 የተባለ መሣሪያ ምስሉን በትላልቅ ዲስኮች ላይ አስቀምጦ በብርሃን ብዕር ያስመርጥ ነበር፤ ምስሉ ግን ጥራቱ የተቀነሰ ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ ማንም በእሱ አልተሳሳተም። የመጨረሻው ሥራ በሌላ ክፍል በዋናው ቴፕ ይፈጸማል። አደጋው የመጣው በ1989 ከቀረበው ከአቪድ/1 ወዲህ ነው፤ የኮምፒዩተሩ ስክሪን እየጠራ በሄደ ቁጥር ኤዲተሩ የሚያየው ምስል የሚሠራጨው ምስል መስሎ ይታየው ጀመር።

አልነበረም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ625 መሥመር በሚሠሩ አገሮች ምስሉ በሰከንድ 50 ጊዜ በግማሽ በግማሽ ይላክ ነበር፤ በመጀመሪያው የኢተጋማሽ፣ በቀጣዩ የተጋማሽ ቁጥር መሥመሮች። የኮምፒዩተር ስክሪን ግን ሁሉንም መሥመሮች በተከታታይ ያሳያል። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ሥራ በኮምፒዩተሩ ላይ ደኅና መስሎ፣ ሲሠራጭ ተንቀሳቃሹ ሁሉ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀጠቀጣል። አንድ መሥመር ብቻ የሚወፍር አግድም ጭረት፣ ለምሳሌ በርእስ ላይ የተጻፈ የፊደል ቀጭን እግር፣ በሰከንድ 25 ጊዜ እየበራ ይጠፋል። የብርሃን ደረጃውም ይለያል፤ በ8 ቢት ቪዲዮ ጥቁሩ በ16፣ ነጩ በ235 ሲወሰን ኮምፒዩተሩ ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል፤ ሁለቱ ከተምታቱ ወይ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ወይ በጨለማው ውስጥ ያለው ዝርዝር ይሰወራል። ሥራው አልቆ፣ ቴፑ ተልኮ፣ ጉድለቱ በሥርጭት ላይ የሚታየው እንግዲህ ኤዲተሩ ስላልተጠነቀቀ ሳይሆን የተጠነቀቀበት መስኮት የተሳሳተ ስለ ነበረ ነው።

መፍትሔው ምስሉን ከኮምፒዩተሩ አውጥቶ ወደ ስቱዲዮ ሞኒተር መመለስ ሆነ። ለረጅም ጊዜ ይህን የሚያደርጉት ካርዶች ከትናንሽ ስቱዲዮዎች አቅም በላይ ነበሩ። በ1995 የዲ.ቪ. ቴፕ ከወጣ በኋላ ካሜራው ራሱ መሸጋገሪያ ሆነ፤ ከኮምፒዩተሩ በፋየርዋየር ገመድ የሚመጣውን ሲግናል ወደ አናሎግ ለውጦ ለሞኒተሩ ያቀብላል። ምስሉ በጥቂት ፍሬሞች ስለሚዘገይ ግን ድምፁን ከኮምፒዩተሩ የሚሰማ ኤዲተር የተናጋሪው ከንፈር ከቃሉ ኋላ ሲቀር ያያል፤ ድምፁንም ከሞኒተሩ በኩል መስማት ነበረበት። በ2002 የብላክማጂክ ዴክሊንክ ካርድ ከ1,000 ዶላር በታች በሆነ ዋጋ ሲቀርብ ንጹሑ ዲጂታል ሲግናል ወደ ብዙዎች ደረሰ። የካርዱ ጥቅም በኮምፒዩተሩ የቀለም ማስተካከያ ውስጥ ሳያልፍ ሲግናሉን እንዳለ ማውጣቱ ነው። በሌላው ጫፍ ግን ለሳሎን ማድመቂያ የተዘጋጀ ተራ ቴሌቪዥን ከተሰካ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ይህ ዛሬም በብዙ ቦታ የሚታይ ነው።

በዚያው አሥር ዓመት የካቶድ ቱቦዎች ከገበያ እየወጡ ሄዱ። በምትካቸው የገቡት ጠፍጣፋ ማሳያዎች የተፈጥሮ የ2.4 ርቢ የላቸውም፤ የተሞሉትን ቀመር ብቻ ይፈጽማሉ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም ቱቦው ለግማሽ ምእተ ዓመት በዝምታ ይሠራው የነበረውን በቁጥር ጻፈው፤ ቢ.ቲ. 1886 የተባለው ውሳኔ የወጣው በማርች 2011 ነው። ሶኒም ኦ.ኤል.ኢ.ዲ. የስቱዲዮ ሞኒተሮቹን ያስተዋወቀው በዚያው ዓመት ነው።

ከዚያ ወዲህ በ2016 የወጣው ቢ.ቲ. 2100፣ ፒ.ኪው. በተባለው ቀመሩ፣ በካሬ ሜትር እስከ 10,000 ካንዴላ የሚደርስ ብርሃን እንዲጻፍ ፈቅዷል። በስቱዲዮዎች በብዛት የሚሠራባቸው ሞኒተሮች ግን በ1,000 አካባቢ ይወሰናሉ። ከዚያ በላይ የተጻፈውን ክፍል ኤዲተሩ የሚያውቀው በምስሉ ሳይሆን በዌቭፎርም መለኪያው ላይ በምትወጣው መሥመር ነው።